የሐኪም ፈቃድ ለምን ይታደሳል? መልሱ መተማ አለ

እስቲ አንዲት ነርስ እናስብ። በ1989 ዓ.ም ተመርቃ መተማ ቆላ ተመደበች እንበል። ትምህርት ቤት ሳለች የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን ነው ተብላ ተምራለች። ሥራውን በወጉ ሳትለምደው፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ክሎሮኪን ፋልሲፓረም የሚባለውን ገዳዩን ወባ አልችለው ስላለ በፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታውን ለኮአርተም ለቀቀ። አንድ በሽታ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ ሦስት መድኃኒት። የነርሷ ዲፕሎማ ግን ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠበትም።

መድኃኒቱ መለወጡን ማን ነገራት? ደብዳቤ ደርሷት ይሆናል፤ ስልጠና ተጠርታ ይሆናል፤ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ሰምታም ሊሆን ይችላል። ባትሰማስ? ካርድ አውጥቶ ወረፋ የያዘው ሕመምተኛ ያዘዘችለት መድኃኒት የዘንድሮ ይሁን የአምና የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሐኪም፣ የነርስ፣ የፋርማሲስት ፈቃድ በየጊዜው የሚታደሰው፣ ለማደስም ተጨማሪ ትምህርት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የቢሮ ጣጣ ይመስላል። ከመተማ ሲታይ ግን ደስ የሚል ታሪክ አለው፤ ላጫውታችሁ።

ሠላሳዎቹ ነጥቦች

በአገራችን የጤና ባለሙያ ፈቃድ የዕድሜ ልክ አይደለም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና እሱን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ለሙያ ፈቃድ ቁጥጥር መሠረት ጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ መመሪያ ወጣ። በኋላ የባለሙያዎች ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ሲዛወር መመሪያው ተሻሽሎ ከፈቃድ እድሳት ጋር ተቆራኘ። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይህን ረጅም ስም የሚጠራ የለም። «ሲፒዲ ሞላልሽ?»፣ «ላይሰንሴ ኤክስፓየር ሊያደርግ ነው» ነው ወሬው።

አሠራሩ ሲፍታታ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ በዓመት ቢያንስ 30 ነጥብ መያዝ አለበት። ነጥቡ ከየትም ተለቅሞ አይመጣም። ኮርሱን የሚሰጠው ተቋም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኮርሱ ራሱ ደግሞ ዕውቅና በተሰጠው ሌላ አካል ተመዝኖ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ይወሰንለታል። ይህን የሚሠሩት ባመዛኙ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ናቸው። ባለሙያው ኮርሱን ጨርሶ ፈተናውን ካለፈ ነጥቡ የተጻፈበት ሰርተፍኬት ይሰጠዋል። ሰርተፍኬቶቹን አጠራቅሞ ፈቃዱን ሲያሳድስ ያቀርባል።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ለማደስ ትምህርት ግዴታ ነው ብላ የጀመረችው ኒው ሜክሲኮ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1971 ነበር። ኬንያ ሐኪሞቿን በዓመት 50 ነጥብ ትጠይቃለች። ደቡብ አፍሪካ እንደ እኛ 30 ትጠይቃለች፤ ከነሱ ውስጥ አምስቱ ግን የግድ ከሙያ ሥነ ምግባር መምጣት አለባቸው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱ ሐኪም በየአምስት ዓመቱ ለሥራው ብቁ መሆኑ እንዲረጋገጥ ታደርጋለች።

«ልምድ ያለው ሐኪም ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። እኔም ሽበት ያለው ሐኪም ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ግምገማ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የሐኪሙ የአገልግሎት ዘመን በረዘመ ቁጥር የሥራ ጥራቱ በሁሉም መለኪያ ቀንሶ ተገኝቷል። ልምድ እጅን ያፍታታል፤ አዲሱን መመሪያ ግን ለማንም አያነብም።

ሊቦ ከምከም፦ ወባ ያልሆነው ወባ

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። በየክረምቱና በየመኸሩ ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎና ከትግራይ እጅግ ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆና ሁመራ ይወርዳል። ቀን እርሻው ላይ ይውላል፤ ሌሊት እዚያው ግራር ሥር ጋደም ይላል። መረሬው አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ተነካሹ ሰው ወዲያው አይታመምም። ብዙ ጊዜ ወራት ያልፋሉ፤ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ገብቷል፤ ትኩሳቱ የሚነሳው ያኔ ነው። ስለዚህ የመተማን በሽታ የሚያክመው የደብረ ታቦር ወይም የአዲስ ዘመን ከተማ ሐኪም ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲሆን ታይቷል። ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ሰው በትኩሳት ይወድቅ ጀመር። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ትኩሳቱ አልለቀቀም። ያኔ «መድኃኒት የማይበግረው ወባ» ተባለ። ሕሙማኑ እየከሱ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ሄደ። በሽታው ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ነበር። በወረዳው ከዚያ በፊት ብዙም አይታወቅም ነበር፤ ደግሞም ካላ አዛር የቆላ በሽታ እንጂ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ይገኛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ድረስ 2,450 ያህል ሰዎች ታመው 120 ያህሉ ሞቱ። ከቆላው እርሻ የሚመለሱ ሠራተኞች በሽታውን ይዘው ሳይመጡ እንዳልቀሩ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ሐኪም ፈልጋችሁ አታገኙም። ባለሙያዎቹ የተማሩትን በትክክል ሠርተዋል፤ ችግሩ በሽታው ቦታ መለወጡን የነገራቸው አለመኖሩ ነው። ዛሬ አንድ አጭር ኮርስ የሚያስተምረው ቁም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጣፊያው ካበጠና ሰውየው ከከሳ፣ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብለህ ጠይቀው።

የመመርመሪያው ሁለት መስመር

ከጠየቁ በኋላስ? ለካላ አዛር አርኬ39 የሚባል ፈጣን መመርመሪያ አለ። ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ በወረቀቱ ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ ማሟሟቻው ይጨመርበታል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ሁለት ቀይ መስመር ከወጣ «አለ» ነው፤ አንድ ብቻ ከወጣ «የለም»። ማንም ሰው በግማሽ ቀን ይለምደዋል።

ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ መመርመሪያው የሚፈልገው ተውሳኩን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሰውየው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ በደሙ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዓምና ታክሞ የዳነ ሰው ዘንድሮ በሌላ ትኩሳት ቢመጣም ሁለት መስመር ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ሁለተኛው ወጥመድ ተቃራኒው ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው የመከላከያ አቅሙ ስለተዳከመ በሽታው ኖሮበት መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል። በመተማና በሁመራ ቆላ ደግሞ ሁለቱ በሽታዎች ተጣምረው መገኘታቸው የታወቀ ነው። ወረቀቱን ማንበብ ቀላል ነው፤ ወረቀቱን መቼ ማመን እንደሌለብን ማወቅ ግን ስልጠና ይፈልጋል።

መድኃኒቱም ቢሆን አንድ ቦታ አልቆመም። ድሮ ሕመምተኛው ለ30 ቀን በየቀኑ አንቲሞኒ የሚባለውን መድኃኒት ይወጋ ነበር፤ መርፌው ያማል፤ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ አንቲሞኒን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ በ17 ቀን መጨረስን መከረ። ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች ግን አንቲሞኒ በተለይ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። የተሻለ መፍትሔ ከየት መጣ መሰላችሁ? ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና እዚያው ቆላ ካለችው ከአብዱራፊ! በሁለቱ ቦታዎች አምቢዞምንና ሚልቴፎሲንን አጣምሮ የሞከረው ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ውስጥም ይህ ጥምረት ገባ። በዚያው ዓመት ሌላ ውጤት ይፋ ሆነ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ በተደረገ ሙከራ፣ የሚዋጥ ሚልቴፎሲንና የሚወጋ ፓሮሞማይሲን ለ14 ቀን ሲሰጡ እንደ 17 ቀኑ ሕክምና 91 በመቶ ገደማ ሕሙማንን አድነዋል፤ በቀን አንድ መርፌም ቀንሰዋል።

የሚዋጠው ሚልቴፎሲን ግን ከራሱ ጋር አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። በማኅፀን ያለን ፅንስ ስለሚጎዳ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ከመታዘዙ በፊት እርግዝና መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት፤ በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ወራትም የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ አዲስ ጥንቃቄ አብሮት ይመጣል፤ የድሮው መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ይህን አልጻፈም።

ወባም አርፎ አልተቀመጠም

ያቺ የ1989 ነርሳችን ዛሬ ጡረታዋ ቀርቧል። ኮአርተም ላይ ሃያ ዓመት ቆየች። ከእንግዲህ አርፋ መቀመጥ ትችላለች? አትችልም።

በጤና ጣቢያው ሲሠራባቸው የቆዩት የወባ ፈጣን መመርመሪያዎች ፋልሲፓረምን የሚያውቁት ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲኑ ነው። ተውሳኩ ግን ፕሮቲኑን የሚሠራውን ዘረ መል ጥሎ መኖር ችሏል። ፕሮቲኑ ከሌለ መመርመሪያው አያየውም። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ከበለጡ መመርመሪያው ይለወጥ ይላል። እናም በድንበሩ አካባቢ «ወባ የለበትም» የሚል ወረቀት ይዞ፣ ብርድ ብርድ እያለው የሚንቀጠቀጥ ሰው ካያችሁ፣ ማይክሮስኮፑን አንሱ ማለት ነው።

ኮአርተም ራሱስ? እንደ ኮአርተም ያሉ የአርቴሚሲኒን መድኃኒቶችን ኃይል ከሚያዳክሙ ለውጦች ጋር በሚያያዘው ኬ13 በሚባል ዘረ መል ላይ፣ አር622አይ የተባለ ለውጥ መጀመሪያ የተዘገበው ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016። መድኃኒቱ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ክሎሮኪን ሲሸኝ ያየ ሰው ይህን ዜና ቸል ብሎ አያልፈውም።

በሰዓት የሚሮጡት

ካላ አዛርና ወባ ቢያንስ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣሉ። ኮሌራ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ቋራ በሚገኘው በበርሚል ጊዮርጊስ ፀበል ኮሌራ ተነስቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከሚያዝያ ወር ጀምሮ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ይገቡ ነበር፤ በኩመር የስደተኞች ጣቢያም በሽታው ታየ።

ኮሌራ ክፉኛ ያደረቀው 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው መጣ እንበል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አምስት ሊትር ሪንገር በደም ሥሩ መግባት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። ይህ ብዙ ነው! የለመድነው «ጉሉኮስ» ጠብ ጠብ እያለ ግማሽ ቀን የሚወስደው ዓይነት ነው። እንዲህ አድርጋ የምታንጠለጥል ነርስ ሕመምተኛዋን ታጣዋለች። የሚያድነው ትልቅ ካኑላ፣ አንዳንዴም በሁለቱም ክንድ፣ መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ነው። ይህን ሁሉም ትምህርት ቤት ተምሮታል። ግን ኮሌራ በዓመታት አንዴ ብቅ የሚል ስለሆነ፣ በመጣበት ሌሊት መጽሐፍ የሚገልጥ ጊዜ የለም። ተከታታይ ትምህርት አዲስ ነገር ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቁትን እንዳይረሱም ነው።

የእባብ ንክሻም እንዲሁ። ሰሊጥ አጫጆች ጎንበስ ብለው ሲሠሩ፣ ሌሊትም መሬት ላይ ሲተኙ ይነከሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በምላጭ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ ብዙዎች የሚያውቋቸው እነዚህ ዘዴዎች ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል። የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው የሚበጀው።

ታዲያ ነጥቡ ሰውን ያስተምራል?

ያስተምራል፤ ግን ትንሽ። ኮክሬን የተባለው የምርምር አውታር በ2021 ባሳተመው ግምገማ፣ በአዳራሽ የሚሰጡ ስልጠናዎች የባለሙያውን አሠራር የሚያሻሽሉት በአማካይ በ7 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃማ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ ደግሞ፣ ተቀምጦ ማድመጥ ብቻውን አሠራርን እንደማይለውጥና እየሠሩና እየተከራከሩ መማር ግን እንደሚለውጥ አሳይቷል። ዋና ስንመለከት ዋና አንለምድም፤ ሐኪሙም ያው ነው።

በቆላው ይህ ችግር ይብሳል። ስልጠናው ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ይካሄዳል። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ብቻ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሁለት ባለሙያ ያለው ጤና ጣቢያ አንዱን ሲልክ በሽተኛው ሁሉ በቀሪው ላይ ይወድቃል። ስልጠና ሲመጣ ደግሞ «ማን ይሂድ?» የሚለው ክርክር ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ አበሉ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ሰው ስለማይሠራበት ሥራ ሠልጥኖ ይመለሳል፤ ዋርዱን የያዘችው ነርስ እዚያው ትቀራለች። በኦንላይን ይማሩ ቢባል፣ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል በግጭቱ ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን፤ መንገዱም በፈለጉት ቀን የሚኬድበት አይደለም። ደንቡ ግን ለአዲስ አበባውም በመተማ ላለችው ለገንዳ ውሃውም ባለሙያ እኩል 30 ነጥብ ይላል።

ስለዚህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ደንቡ ትክክል ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቦታ ግን አይደለም። ቁጥሩን ከመጨመር ትምህርቱን ወደ ሕመምተኛው አልጋ ማቅረብ ይሻላል። ይህ ደግሞ ለጎንደር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ እየላከ በሥራ ላይ ያስተምር ነበር። ዛሬም የካላ አዛር ሐኪም ከጎንደር ወርዶ ገንዳ ውሃ ላይ ለአንድ ሳምንት ከባለሙያዎቹ ጋር በሽተኛ ቢያይ፣ ጣፊያ እንዴት እንደሚዳሰስ በእጃቸው ቢያሳይ፣ ይህም በነጥብ ቢቆጠር፣ ከሆቴል አዳራሹ የተሻለ ትምህርት ይሆናል። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ በስልክ ወይም በፍላሽ የሚጫን ኮርስም ዕውቅና ቢያገኝ ብዙ ይቀላል። የአጨዳው ወቅት ከመግባቱ በፊት ስለ ካላ አዛርና ስለ እባብ ንክሻ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ስለ ኮሌራ ቢሰጥ ደግሞ ጊዜውን ያገኘ ትምህርት ይሆናል።

እናንተ ባለሙያ ካልሆናችሁ፣ የሚያክማችሁን ሰው «ፈቃድህ እስከ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሰነዱ የሚያበቃበት ቀን አለው። ቆላ ውላችሁ ከተመለሳችሁና ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «መተማ ነበርኩ» በሉት። ባለሙያ ከሆናችሁ፣ የዘንድሮውን 30 ነጥብ ከመሰብሰባችሁ በፊት የክፍላችሁን የሕሙማን መዝገብ ግለጡና የትኛው በሽታ እንደበዛ ቁጠሩ። ቢያንስ የነጥቡን ግማሽ ከዚያ በሽታ አምጡ።